ከገና በኋላ ተመለሱ

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

ከሳን ሆዜ አሁን መግባታችን ነው። ንጉሤ ከነሱፉ ሶፋው ላይ ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወስዶታል። ባሌ እንዲህ ነው፤ ሠርግም ሆነ ልቅሶ፣ ከበላ ይተኛል። እኔ ግን ዓለምፀሐይ ቤት የበላሁት አልወርድ ብሎኝ ቁጭ ብያለሁ።

የቱርኮቹ ሽማግሌዎች ለሁለተኛ ጊዜ መጥተው የዓለምፀሐይን ልጅ ቤዚን ጠየቁ። መቼም ወግ ማየት ነው! አባትየው፣ አጎትየው፣ እናትየዋ ኔርሚን፣ ሁሉም ሽክ ብለው። በብር ትሪ የተደረደረ ቸኮሌት፣ ሁለት ሰው የሚሸከመው አበባ። ደግሞ እንደነሱ ባህል ቤዚ ለልጁ ለኤምሬ ጨው የገባበት ቡና ሰጠችው፤ ፊቱን ሳያጨማድድ ጭልጥ አደረገው። «ምን በደለና ነው ጨው የምታጠጡት?» ብል ዓለምፀሐይ ኢስታንቡል እንደተወለደ ሰው «ትዕግሥቱን መፈተኛ ነው የኔ እናት» አለችኝ። ድንቄም!

ከሁሉም ልቤ ላይ የቀረው ግን ሌላ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ሲመጡ የዓለምፀሐይ ባል ፍቅረማርያም እንደ አገራችን ወግ «እንመካከርበት፣ ተመለሱ» ብሎ መልሷቸው ነበር። ሽማግሌው ቱርክ ቅር እንኳ አላላቸውም። «እኛም ዘንድ ሴት ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም» ብለው ሳቁ አሉ። ይኸው ዛሬ ተመልሰው መጡ፣ ቆመው ለመኑ፣ «ሰጥተናል» ተባሉ፣ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። «እስላም ሊያገባት ነው» እያሉ ሲያሟት የከረሙት ሴቶች ሁሉ እዚያው ነበሩ። ከሁሉ ጮክ ብለው እልል ያሉትም እነሱ ናቸው።

ዓለምፀሐይና እኔ ከካርቱም በአንድ አውሮፕላን መጥተን ኦክላንድ በአንድ ፍራሽ የተኛን ሰዎች ነን። ያኔ እኩል ነበርን። አሁን እሷ ሳን ሆዜ ደረጃ ያለው ቤት አላት፤ እኔ እዚያው ኦክላንድ፣ እዚያው አፓርትመንት፣ ሊፍቱ በወር ሁለት ጊዜ የሚቆምበት።

አልቀናሁም። ቤዚ ልጄ ማለት ናት። ብቻ እንዲያው፣ ያን ሁሉ ሰው ቆሞ ሲለምን ሳይ፣ የኔን ብሩክታዊት ማን ይለምናት ይሆን አልኩ።

ጥቅምት 10፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ወሬው ሁሉ ቱርኮቹ ነበሩ። አቶ ተስፋጽዮን ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ስለ ሁሉም ነገር አንድ ጥናት ያነበቡ ሰው ናቸው። ዛሬ ደግሞ ስደተኛውን በየአገሩ ደረጃ ሰጡት።

«ቱርክ ንግድ ይዞ ይመጣል፤ ልጁን ኢንጂነር ያደርጋል። የካሪቢያን ሰው ደግሞ ነርስ ሆኖ፣ ሹፌር ሆኖ፣ የመንግሥት ሥራ ይዞ ይኖራል። ልጁም እዚያው ይቀራል። በጥናት የተረጋገጠ ነው።»

በዲቪ የመጣችው ዮዲ፣ ሆስፒታል የምትሠራዋ፣ ሻይዋን እያማሰለች «እኛስ አቶ ተስፋጽዮን፣ የትኛው ተርታ ላይ ነን?» አለቻቸው።

«እኛ ሌላ ነን» አሉ። ምን ሌላ እንደሆንን አልተናገሩም። እሳቸው ታክሲ ነዱ፣ ንጉሤ ታክሲ ነዳ፣ እኔ የአረጋውያን ቤት ኬርጊቨር ነኝ።

አንዷ ወደኔ ዞር ብላ «የብሩክታዊት ጓደኛ ጃማይካዊ ነው አይደል? ጸጉሩን ይጎነጉናል?» አለችኝ። አይጎነጉንም! ማርሎን ጸጉሩ አጭር ነው፣ የባርት ባቡር ይጠግናል፣ እሑድ እሑድ ከእናቱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል፣ አያጨስም። ይህን ሁሉ ልዘረግፍላት ስል «ኧረ እንዲያው ጓደኛዋ ነው» አልኩ። ስድስት ዓመት የቆየ ጓደኛ። ምን እንደነካኝ አላውቅም።

ጥቅምት 19፣ ማክሰኞ

ብሩክታዊት ከሥራ ስትወጣ መጣች። የጥርስ ክሊኒክ ነው የምትሠራው፣ አፕታውን የሚባል ሰፈር ብቻዋን ትኖራለች። አማርኛ አንድም አያመልጣት፤ መልሷ ግን እንግሊዝኛ ነው።

«ማሚ፣ ሂ ዋንትስ ቱ ዱ ኢት ዘ ራይት ዌይ» አለች።

ማርሎን ሽማግሌ ሊልክ ነው! አባቱ ሞቷል። እናቱ አይሪስ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፣ ሳን ፓብሎ ትኖራለች። ልጁ ባህላችንን ከዩቲዩብ ሲያጠና ነው አሉ የከረመው።

እልል ልል ነበር፣ በእውነት። አፌ ላይ የመጣው ግን «ሽማግሌ ሦስት ሰው ነው» የሚል ሆነ።

«ዌር ኢዝ ሂ ጎና ፋይንድ ስሪ?»

«ቱርኮቹ አላገኙም?» አልኳት።

 ስትወጣ ጉንጬን ሳም አደረገችና «ፕሊዝ፣ ጀስት ቢ ናይስ ቱ ሂዝ ማም» አለችኝ። እኔ መቼ ነው ናይስ ያልሆንኩት?

ኅዳር 1፣ እሑድ

የሚመጡት ቅዳሜ ነው። ዓለምፀሐይን ጠራኋት። ንጉሤ «እሷ ምን ልትሠራ? ገና የመጀመሪያ ቀን ነው፣ በቤተሰብ ይለቅ» አለኝ። አብራኝ የተሰደደች እህቴ አይደለችም እንዴ? ደግሞ እሷ ስትጠራኝ ሄጃለሁ። እሷም ትምጣና ትይ።

በመጀመሪያው ቀን እሺ እንዳይል አስጠንቅቄዋለሁ። «ወጉን የማያውቁ ሰዎች ናቸው፣ ይከፋቸዋል» ይለኛል።

«ቱርኮቹስ ከፋቸው? ወይስ የኔ ልጅ የወደቀች ናት፣ በመጡበት ቀን አፍሰው የሚወስዷት?»

 ንጉሤ ሲሸነፍ ዕቃ ያጥባል። ድስቱን ሁሉ ፈተገው።

ኅዳር 15 የገና ጾም ስለሚገባ ቀጠሮው ከገና በኋላ ነው የሚሆነው። ይሻላል። ቱርኮቹ የጠበቁት ሁለት ሳምንት ነው፤ የኔዋ ብዙ የሚጠበቅላት ናት።

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

መጡ፣ ሄዱ። ነገሩ ሁሉ እንዳሰብኩት ሆነ። ታዲያ ምን እንዲህ ያቁነጠንጠኛል?

ሴትዮዋ፣ የማርሎን እናት፣ ኮፍያዋን ደፍታ፣ ወይን ጠጅ ቀሚስ ለብሳ፣ አንድ ጉልበቷን እየጎተተች በደረጃ ወጣች። ሊፍቱ ዛሬም ቆሟል፤ ከቀን ሁሉ ዛሬ! ከኋላዋ ፓስተሯና ከሳክራሜንቶ የመጣ ወንድሟ አሉ። ሴት ሽማግሌ ሆና ስትመጣ ዓለምፀሐይ በክርኗ ነካ አደረገችኝ። ደሜ ፈላ።

ተቀመጡ ከማለታችን በፊት ሴትዮዋ እጇን አነሳችና «ቆመን ነው የምንናገረው» አለች፣ በእንግሊዝኛ። ማርሎን አስጠንቷታል፤ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይናገር አይቀመጥም። ከዚያ በአማርኛ «ልጃችሁን ለልጃችን እንድትሰጡን ልንለምን መጣን» አለች። ቃሉ ተሰባብሯል፣ ግን አንዱም አልጎደለም። ንጉሤ እንባ አቀረረ። አፉን ሊከፍት ሲል እግሩን ረገጥኩት።

ዓለምፀሐይን አየኋት። ፈገግ ብላለች፤ ምን ዓይነት ፈገግታ እንደሆነ አልገባኝም። ስለዚህ መጠየቅ ጀመርኩ። ልጁ ሥራው ምንድን ነው? ቤተሰቡ ከየት ነው? ከጃማይካ የት? ወደፊትስ ምን አስቧል? ወንድሟ መለሰ፣ ፓስተሩ መለሰ። ሴትዮዋ ክብደቷን ባንድ እግሯ ላይ ጥላ ቆማለች። ንጉሤ ወንበር ሊስብላት ሁለት ጊዜ ብድግ ብሎ ነበር፤ እኔ ሌላ ጥያቄ ጨመርኩ። ሆን ብዬ አይደለም። ዓለምፀሐይ ወርቋን በጣቷ እያጫወተች ሁሉን ትሰማለች፤ ጨዋ ቤት ልጅ እንዴት እንደምትጠየቅ እሷም ትይ ብዬ ነው።

መጨረሻ ላይ ንጉሤ እንደተስማማነው ተናገረ። «እንመካከራለን። ከገና በኋላ ተመለሱ።» በአማርኛ ቢሆን ያምር ነበር። በእንግሊዝኛ ሲወጣ የሆነ ቢሮ ያለ ሰው ንግግር መሰለ።

«ገባኝ። አመሰግናለሁ» አለች ሴትዮዋ። ይዛ የመጣችውን ጥቁር የፍራፍሬ ኬክ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ፍሬውን ሩም የሚባል አረቄ ውስጥ የዘፈዘፈችው ከወራት በፊት ነው አለ ወንድሟ። ሳትቀመጥ ወጣች።

ብሩክታዊት እንደ ወጉ ጓዳ ነበረች። ስትወጣ ማንም የለም።

«ዌር ዲድ ዘይ ጎ?»

«ወግ ነው፣ ይመለሳሉ» አልኳት። ጫማዋን እንኳ በደንብ ሳታጠልቅ በደረጃው ተከትላቸው ሮጠች።

ዓለምፀሐይ ስትሰናበተኝ «ጠንካራ ነሽ ጥሩዬ» አለችኝ። ይሄ ምስጋና ነው አይደል?

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

ደብል ሺፍት። ብሩክታዊት አልደወለችም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል።

ኬኩን የሚበላው ንጉሤ ብቻ ነው። ጾሙ ሳይገባ ልጨርሰው ይላል። ሲቆርስ እያየኝ ነው።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ

ታንክስጊቪንግ። አገሩ ሁሉ ሥጋ ይበላል፣ እኛ ምስር። ብሩክታዊት ጠዋት መጣች። ኮቷን አላወለቀችም።

«ሺ ስቱድ፣ ማሚ። ኦን ዛት ኒ። ፎር አልሞስት አን አወር።»

«ጉልበቷን ቢያማትም፣ አንድ ሰዓትም ቢሆን፣ ሽማግሌ ይቆማል። ባህል ነው።»

«ኖ። ዩ ሌት ሄር ስታንድ።» ያቆምሻት አንቺ ነሽ ማለቷ ነው።

ያቺ ሴት ለልጇ «እኔ አንዴ ለምኛለሁ፣ ሁለተኛ አልሄድም» ብላዋለች። ማርሎንም እናቱን ድጋሚ ያንን ደረጃ አላስወጣም ብሏል። ብሩክታዊት ደግሞ ካልሆነ ሲቲ ሆል፣ ማዘጋጃ ቤት፣ ሄደን እንፈራረማለን እንጂ አንጠብቅም አለች። ሲቲ ሆል! ልደት ሰርተፊኬት ሊያወጡ ይመስል። ቬሎ የለ፣ እልልታ የለ፣ እናት የለች። 

«ቱርኮቹ ሁለቴ መጥተዋል፣ አልሞቱም» አልኳት።

«ዋይ ዱ ዩ ኪፕ ቶኪንግ አባውት ዘ ተርክስ?» ብላ ጮኸች። ልጄ ጮሃብኝ አታውቅም። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በአማርኛ፣ እንደ ሕፃንነቷ እየተንተባተበች «ያቺ ሴት ብቻዋን ናት ያሳደገችው፣ ማሚ። ማታ ማታ እየሠራች ቤት ገዛች» አለችኝ።

«ሳን ፓብሎ ቤት ቤት ነው?» አልኩ። አፌን በቆረጠው። እኔ ራሴ ምን ቤት አለኝና ነው?

ምሳዋን ሳን ፓብሎ ነው የበላችው። ንጉሤ እስከ መኪናዋ ሸኛት። ለመሸኘት ብዙ ቆየ።

ታኅሣሥ 6፣ እሑድ

ጉድ ስሙ! አዳራሹ ውስጥ ከኋላዬ ያሉት ሁለት ሴቶች ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «የጥሩዬን ልጅ ጃማይካዎቹ እምቢ አሏት አሉ።» እምቢ ያልነው እኛ! እምቢም አላልንም፤ ቀጠሮ ነው የሰጠነው! 

አቶ ተስፋጽዮን ደግሞ ሊያጽናኑኝ መጡ። «ልጄ፣ ደግ ሆነ በይው። እኔ እኮ ያኔ ጥናቱን ነግሬአችኋለሁ። ሳን ሆዜ በኩል አንድ ደህና ልጅ ባፈላልግስ?»

«አቶ ተስፋጽዮን፣ ይተዉኝ» አልኳቸው። ትልቅ ሰው ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ንጉሤ በትከሻዬ ይዞ አወጣኝ።  መኪና ውስጥ ስልኩ ሲጮኽ እንዳላየው ገልብጦ ያዘው።

ታኅሣሥ 11፣ ዓርብ

ዓለምፀሐይ ደወለች። የቤዚ ሠርግ ጥር 17 ነው። አዳራሹ ሁለት ባንድ ይይዛል፣ አንዱ የነሱ አንዱ የኛ። ቱርኮቹ ለሙሽራዋ ወርቅ በሪባን አድርገው ነው አሉ የሚሰኩላት፤ እንግዳው ሁሉ ተሰልፎ። ሰማሁ፣ ሰማሁ፣ ሰማሁ። ከዚያ «እናንተስ ጋ ያለው ነገር እንዴት ሆነ?» አለች።

«ከገና በኋላ ይመለሳሉ» አልኩ።

«ነግረሻቸዋል ግን አይደል?»

«ምኑን?»

«ወግ መሆኑን ነዋ። እኛ እኮ ለኔርሚን ቀድመን ነግረናታል። የሚመለሱበትንም ቀን ከሷ ጋር ተመካክረን ነው የቆረጥነው። አዳራሹንም ሽማግሌዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ነው ቡክ ያደረግነው፤ አለዚያ ለጥር የት ይገኛል?»

ስልኩ እጄ ላይ ቀረ። እኔ የዚያን ቀን ቤታቸው ውስጥ እንባዬ መጥቶ ነበር እኮ! «ሰጥተናል» ሲባል ልቤ ደንግጦ ነበር! ለካ ሁሉም የተጠና ነው። «ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«የሚነገር አልመሰለኝም፣ ጥሩዬ። ማን ነው የምሩን ሽማግሌ የሚመልሰው?»

ቀናሁ። ይኸው ጻፍኩት። በቤቷ ቀናሁ፣ በደረጃዋ ቀናሁ፣ በቱርኮቿ ቀናሁ። አሁን ደግሞ በብልጠቷ ቀናሁ። እኔ ከላይ ከላይ ያየሁትን ይዤ የሰው እናት አቆምኩ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ልትዘጋ ስትል ደግሞ ድምፅዋ ተለወጠ። «ቤዚ እኮ ከታጨች ወዲህ ቤት አልመጣችም። ኔርሚን ጋ ነው የምትውለው። የሠርጉን ልብስም ከሷ ጋር ነው የመረጠችው» አለችኝ። አይዞሽ አልኳት። ስልኩን ስዘጋ ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ታኅሣሥ 25፣ ዓርብ

ንጉሤ ዛሬ ሥራ አልገባም። ዩኒየን ሲቲ የሥራ ባልደረባው አባት ሙት ዓመት አለ ብሎ ከረባት አስሮ ወጣ። ጫማውን ራሱ ነው የወለወለው። እኔም ልምጣ ስለው «አንቺ ሺፍት አለሽ» አለኝ። ሺፍቴን መቼ ነው የሚያስታውሰው?

ማታ ሲገባ ዓይኑ ቀልቷል። «ሰውየው ደግ ነበሩ?» አልኩት። «ማን?» አለኝ። ሲያለቅስ ውሎ ፈዟል ማለት ነው። ደረቴ ላይ ራሱን ጣል አድርጎ ትንሽ ቆየ፤ ስንት ዘመኑ ነው እንዲህ ካደረገ።

ታኅሣሥ 29፣ ማክሰኞ

እሰይ፣ ልጄ መጣች! የገናን ዶሮ እንደ ድሮው አብረን በላን። ስትገባ አንገቴ ሥር ገብታ አልለቀቀችኝም። ታርቀናል፤ እናትና ልጅ ምን ይለያየዋል? ማርሎንስ ስላት «ሂ ሰይስ ሃይ» አለች። አሁን እንግዲህ ገናም አለፈ፣ ይመለሳሉ ማለት ነው። በቤዚ ሠርግ ላይ እጮኛዋ ብዬ በግልጽ ይዤው እገባለሁ፤ እነዚያ ሴቶች ይዩ።

ከምግብ በኋላ አጠገቤ ተቀምጣ እጄን ያዘችና «ማሚ፣ አይ ሃቭ ቱ ቴል ዩ ሰምቲንግ» አለች። ያኔ ዓለምፀሐይ ደወለች፤ የአዳራሹን ጌጥ ቪዲዮ ልካልኝ ኖሯል። አንድ ደቂቃ ብያት ወሬው ረዘመ። ጣሪያው ድረስ አበባ ነው! ስጨርስ ለብሩክታዊትም አሳየኋት፣ ሁሉንም አንድ በአንድ። «ኢትስ ቢውቲፉል» አለች። ልትነግረኝ የነበረውን ስጠይቃት «ናቲንግ፣ ማሚ» ብላ ኮቷን ለበሰች። ንጉሤ «ቆይ እንጂ፣ ልጄ» አላት። በኋላ እኔን አየኝና ወጥቶ ሸኛት።

ጥር 3፣ ቅዳሜ

አልተመለሱም። ስለዚህ እኔ ሄድኩ።

የሴት እናት ወደ ወንዱ ቤት ለልመና ስትሄድ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ለንጉሤ ሥራ ነኝ አልኩት። እውነቱን ለመናገር ስነሳ በልቤ የቤዚ ሠርግ ነበር፤ ከዚያ በፊት ነገሩን ልቋጨው ብዬ ነው። አውራ ጎዳናው ላይ ስወጣ ግን ሌላ ነገር መጣብኝ። ሲቲ ሆል ቆማ ልጄ ዞር ብላ ስትፈልገኝ ታየኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሠርጉ አላሰብኩም።

ቤታቸው ትንሽ ናት፣ ቢጫ ቀለም የተቀባች። ደጁ ላይ ሎሚ አለ። የራሳቸው ናት፤ ማንም ኪራይ አይጨምርባቸው፣ ማንም ሊፍት አያቆምባቸው። እግዚኦ፣ እዚያም ቆሜ ቀናሁ!

አይሪስ በሩን ከፈቱ። አንድ ጊዜ አዩኝ። «ግቢ፣ ተቀመጪ» አሉኝ፣ ወንበሩን በእጃቸው እየሳቡ። ሻይ አመጡ። መኪና ውስጥ ስለማመደው የመጣሁትን እንግሊዝኛ አወጣሁት። እምቢ ማለታችን አልነበረም፤ ባህላችን ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፤ ጾም ስለሚገባ ነው ቀጠሮው የረዘመው። ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ባህሉን ማርሎን ነግሮኛል» አሉ። «ከገና በኋላም ከፋሲካ በኋላም ብትሉኝ እመጣ ነበር። ሁለት አገር ተሰድጃለሁ፤ በር ላይ መጠበቅ ለኔ አዲስ ነገር አይደለም። ግን ያን ቀን ቆሜ ስናገር አንቺ እኔን አላየሽኝም። ያቺን ወርቅ ያደረገችውን ሴት ነበር የምታዪው። እኔ ልጅሽን ስለምን፣ አንቺ የሷን ፊት ትጠብቂ ነበር።»

ባህል ነው ልል አፌን ከፈትኩ። 

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኩ፣ በአማርኛ። የገባቸው መሰለኝ።

«ተቀይሜሽ ነበር» አሉኝ። «አሁን ግን ልጆቹ ከተጋቡ ወዲያ ቂም ይዤ ምን አደርገዋለሁ?»

ከተጋቡ?

ፊቴን ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «ትናንት ዓርብ ሳምንት ሞላቸው እኮ። በገና እነግራታለሁ ብላ ነበር... ባለቤትሽስ አልነገረሽም? እሱ ነው ምስክር ሆኖ የፈረመው።»

እንዴት እንደ ነዳሁ አላውቅም። አይሪስ እስከ መኪናው ድረስ ያንን ጉልበታቸውን እየጎተቱ ሸኝተውኛል፤ መስኮቱን ይዘው «ደውይላት» ብለውኛል። ይህን ብቻ አስታውሳለሁ።

ንጉሤ ወጥ ቤት ነበር። ፊቴን ሲያይ ውሃውን ዘጋ። እጮኽበታለሁ ብዬ ነበር የመጣሁት፤ መንገዱን ሙሉ ስድብ ስመርጥ ነው የመጣሁት። እንደዚያ ቆሞ ሳየው ግን ስድቡ ሁሉ ጠፋኝ። በዚህ ሰውዬ ቀንቼ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ ቀናሁበት። እሱ እዚያ ነበር። ልጄ ቃል ስትገባ አጠገቧ ቆሞ ነበር።

«ሁለት ጊዜ ልነግርሽ ሞክሬ...» ብሎ ጀመረ።

«ተወው» አልኩት። «ምን ለብሳ ነበር?»

 እጁ ላይ ያለው አረፋ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ነጭ ነው ሊል ጀመረና ተወው፤ አልዋሸኝም።

«ልብሱንስ አላየሁትም፣ ጥሩዬ» አለኝ። «ፊቷን ነበር የማየው።»